ዘጠነኛ ክፍልን በመቋሚያ የለካን ጊዜ

ወፍጮን የመሰለ ሹም አላየሁም። ስንዴ ስትሰጠው ዱቄት ይመልስልሃል፤ አለቀ። «ስንዴህ በአባሪ አልተደገፈም» አይልም። «ጉዳዩ የሚመለከተው የደብረ ማርቆሱን ወፍጮ ስለሆነ በእሱ በኩል አቅርብ» አይልም። ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ ቢቸና ላይ ይህችን ወፍጮ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ጆሮዬ ደንቁሯል፣ ቅንድቤም እንደ ባሕታዊ ነጥቷል፤ ሚስቴ ግን «ፊትህ ወዝ አወጣ» ትላለች። እውነቷን ነው። የተበሳጨ ሰው ወዝ የለውም፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ስበሳጭ ነው የኖርኩት።

ብቻ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ «አንተ ጸሐፊ አልነበርክም እንዴ?» እያለ ማመልከቻ ያስጽፈኛል። በቀደም አንድ ወጣት መምህር የሽሮ እህሉን አሸክሞ መጣ። ትምህርት ቤታቸው አንድ ክፍል ልጨምር ብሎ ፈቃድ ጠይቆ፣ ወረቀቱ «ያልተሟላ» ተብሎ ተመልሶበታል። «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜም እንዲህ ነበር?» አለኝ። ሞተሩን አጠፋሁት። ወረፋ የያዙት ሴቶች እስከ ሰባት ትውልዴ ረገሙኝ። ለእሱ የነገርኩትን፣ ሞተር ሳይጮህብኝ፣ እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የያዝኩት በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ቢቸና፣ በአውራጃው የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በረዳት ጸሐፊነት ነው። ደመወዜ እንደ በጋ ዝናብ ነበር፤ መጣ ሲሉት አፈሩ ይጠጣዋል። ስለሱ ይኼው በቃ። ሥራችን ፈቃድ መጠየቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ዕውቅና ያገኘ ትምህርት ቤት እንደ ሙሽራ ነው፤ ሳይፈቀድለት ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። ክፍል መጨመር፣ ስም መለወጥ፣ ቦታ መዛወር፣ ተማሪን በጠዋትና በከሰዓት መክፈል፣ ሁሉም «ከፍተኛ ለውጥ» ይባላል። ከፍተኛ ለውጥ ደግሞ ከአውራጃው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በመጣበት መንገድ እየተንገዳገደ ይመለሳል። በመሐል ዓባይ አለ። እኔማ ወረቀቱ ዓባይን በዋና የሚሻገር ይመስለኝ ነበር።

አለቃዬ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይግዛው ነበሩ። በወጣትነታቸው ብራና ላይ ዳዊት የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀም ይባላል። ደብዳቤ ጽፌ ስሰጣቸው ማንበብ የሚጀምሩት ከታች ነው።

«አንተ፣» ይሉኛል፣ «ሹም ወረቀት ሲያነሣ መጀመሪያ ፊርማውን ያያል። ቀጥሎ ከፊርማው በላይ ያለችውን መስመር ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያነበው ሊጣላህ ሲፈልግ ነው።»

ከታች ወደ ላይ አንብበው ሲጨርሱ ብድግ ብለው ወደ ግቢው በር ይወጣሉ። እዚያ ዘበኛው አያ ካሴ ጠመንጃቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አቶ ይግዛው ደብዳቤዬን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል። የምንለምነው ነገር ሳይጠቀስ አያ ካሴ ካንቀላፉ ወረቀቱ እዚያው ይቀደዳል። አያ ካሴን ሳታስተኛ ያለፈችው የመጀመሪያዋ ደብዳቤዬ የተጻፈችው ሥራ በያዝኩ በዓመቱ ነው፤ እሷም ያለፈችው የዚያን ቀን ጥርሳቸውን ስላመማቸው ነው።

ሌላው ልማዳቸው ቃል ማሽተት ነበር። አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና «ይኼ የት ነው የሚሰማው?» ይሉኛል። አዲስ አበባ ነው ካልኩ አንድ፣ ገበያ ላይ ነው ካልኩ ሌላ ቃል ያስገባሉ። «ቃል ቅቤ ነው ልጄ፤ ቢቸና ላይ የረጋው ዓባይ ሲወርድ ይቀልጣል።» ያን ጊዜ ስቄባቸዋለሁ። ቆይቶ ሞጣ ላይ ግን ያ ቅቤ በአናቴ ላይ ወረደ።

ስለ ቅቤው ከመናገሬ በፊት ስለ አቶ አጥሩ ልናገር። ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጎርፍ ግቢውን ስለበላበት አጥሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሊያጥር ፈለገ። ይህም ከፍተኛ ለውጥ ነው። እኔም «አጥሩ በአስቸኳይ እንዲዛወር» ብዬ ጻፍኩ፤ አጭር ነው፣ አያ ካሴም አላንቀላፉም። ዝናቡ አልፎ፣ ጎርፉ የፈለገውን ወስዶ ሄዶ፣ መልሱ መጣ። «መምህር አጥሩ ሊዛወሩ የፈለጉበት ምክንያት፣ የትምህርት ደረጃቸውና የቤተሰባቸው ብዛት ተገልጾ ይቅረብ።» አቶ ይግዛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ከዚያ ብዕራቸውን ነክረው በራሳቸው እጅ መለሱ፦ «አቶ አጥሩ ትውልዳቸው ከእሾህ ወገን ሲሆን፣ ሁለት በር እንጂ ልጅ የላቸውም።» ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደሳቀ አልሰማንም፤ ፈቃዱ ግን መጣ። አቶ አጥሩ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከዚያ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ። ሞጣ እንደደረስኩ ዲሬክተሩ አቶ ጀማል ቢሮአቸው አስገብተው አንድ የማመልከቻ ክምር አሳዩኝ። አቶ ጀማል የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ረጋ ያሉ፣ ሲናደዱ ደግሞ የበለጠ የሚረጉ። «ይህ ሁሉ አንድ ልመና ነው፣» አሉኝ። «ዘጠነኛ ክፍል ይከፈትልን ነው። ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ብቻ ነው። ስምንተኛን የጨረሰ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ደብረ ማርቆስ ማደሪያ የሌለው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ ተባለ?»

«በመጀመሪያ ክፍል ጎደለ አሉ። ሕዝቡ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ሠራ። ቀጥሎ መጸዳጃ ጎደለ አሉ፤ ቆፈርን። አሁን ቤተ ሙከራ ጎደለ ብለዋል። ቤተ ሙከራ ስናቀርብ እግዜር ይሁን አላህ ራሱ ጎደለ ሊሉን ነው።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና አንድ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ገቡ፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ደብተርና እርሳስ ይዘዋል። የተማሪ ወላጅ መስለውኝ ወንበር ለቀቅሁላቸው።

«ዘገዩ፣ ቄስ ሞገሴ፣» አሉ አቶ ጀማል። «ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቋል።»

«ቅዳሴው ረዘመብኝ፣ ጌታው። ድምፀ መልካም ዲያቆን ቀደሰና ሕዝቡ ይደገም አለ።»

ቄስ ሞገሴ ተማሪ ነበሩ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ! በዚያን ጊዜ ሸምግሎ ፊደል የሚቆጥር ብዙ ነው፤ እኒህ ግን የሚቀድሱ፣ የሚያጋቡና የሚያቆርቡ ሙሉ ቄስ ናቸው። ክፍል ሲገቡ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ መስቀላቸውን ይሳለማል፣ ቀጥሎ የቤት ሥራቸውን አይቶ ዜሮ ይሰጣቸዋል። «መስቀሌን የማይሳለም አቶ ጀማል ብቻ ነው፣» ይላሉ፣ «ዜሮ ሰጥቶኝ የማያውቅም እሱ ብቻ ነው። ምሥጢሩን መርምሩት።»

የቄስ ሞገሴ ጉዳይ ከሁሉም የባሰ ነበር። ደብረ ማርቆስ እንዳይሄዱ ሰሞነኛ ናቸው፤ ተራቸው ሲደርስ ቀድሰው፣ በቅዳሴያቸው ምክንያት የያዙትን መሬት ያርሳሉ። ሰሞናቸውን ካጎደሉ መሬቱ ለሌላ ቄስ ይሰጣል። ሚስትና ልጆች አሉ። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ወይ ወደ ሞጣ ይመጣል፣ ወይ ለእሳቸው የለም።

«አባ፣ ዘጠነኛ ክፍል ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን። «ቅኔ ያውቃሉ፣ ዜማ ያውቃሉ። የአውራጃ ገዥ ሊሆኑ ነው?»

ዓይናቸው በራ። «ስምንተኛ ሊያልቅ ሲል መምህሩ አልጀብራ የሚባል ነገር አሳየን። ‹ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ ሰባት ነው› ብሎ ጻፈ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ይኼ ቅኔ ነው! ሰሙ ኤክስ ነው፣ ወርቁ አምስት ነው። አባቶቻችን በቃል የደበቁትን ፈረንጅ በቁጥር ደበቀው። ‹ቀጥል!› ስለው ‹የቀረው ዘጠነኛ ክፍል ነው› አለኝ። ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ይከለክለኛል? ይኼ ግፍ አይደለም?»

ግፍ ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍልን እንደ ግል ጉዳዬ ያዝኩት።

ቤተ ሙከራውን ሠራነው። ከጤና ጣቢያው ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ ከሥጋ ቤት የፍየል ራስ ቅል፣ ከሞተ ሬዲዮ ማግኔት ለመንን። መመሪያው «ቧንቧ ይኑረው» ስለሚል፣ ትልቅ ጋን ከታች በስተን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍነው። ቆረቆንዳው ሲነቀል የሚወርደው ውኃ አሁን ሞጣ ላይ ካለው ቧንቧ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ ሄደ። እኔ ሽበት ሳበቅል፣ ጋኑም ሽበት ሲያበቅል፣ «ኢንስፔክተር ይላካል» የሚል መልስ መጣ።

ኢንስፔክተሩም በገበያ ቀን፣ በላንድሮቨር መጣ። ልብሱ እንደ ፖስታ የታሸገ፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ፣ ግን ክፉ ያልሆነ ወጣት ነበር። ክፍሎቹን አየ፤ ወደዳቸው። መጸዳጃውን አየ፤ ከሩቅ ወደደው። ቤተ ሙከራ ገብቶ ቆረቆንዳውን ሲነቅል ጫማው ረጠበና ሳቀ፤ «ውኃ፦ አለ» ብሎ ጻፈ። ቄስ ሞገሴ በመስኮት ሆነው ያዩ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ሲጸልዩ ጢማቸው ይንቀሳቀሳል።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣» አለ ኢንስፔክተሩ። «የግቢው ስፋት በካሬ ሜትር።»

ከኪሱ አንዲት ሜትር አወጣ። የልብስ ሰፊ ሜትር! በእሷ ያን ግቢ ለመለካት መንግሥት ሦስት ጊዜ መለወጥ አለበት። እሱም ገብቶት ዙሪያውን ቃኘና ወደ አጥሩ ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ የገበያው መንገድ ነው፤ ማር የተሸከመ፣ አህያ የሚነዳ፣ ጤፍ ያዘለ ሰው ጢም ብሎ ያልፋል። ኢንስፔክተሩ ሾፌሩን በትልቅ ድምፅ ጠራው።

«ቀላድ ፈልግ! ቀላድ አምጡ፣ ይኼን መሬት እንለካው!»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሸዋ ላይ ቀላድ ማለት መለኪያ ገመድ ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ርስቱን በአባቱ ስም፣ በድንበር ድንጋይና በሽማግሌ ምስክር ያውቀዋል እንጂ በገመድ አያውቀውም። በዚያ ሰሞን ደግሞ መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊከመር ነው የሚል ወሬ ከጮቄ እስከ ዓባይ ሰውን አላስተኛ ብሎት ነበር። ለጎጃሜ ቀላድ ማለት ገመድ ነው፤ ግን መሬት የሚለካበት ሳይሆን ርስት የሚታነቅበት። አዲስ አበባ ላይ የረጋው ቅቤ፣ በዚያች ቅጽበት ሞጣ ላይ ቀለጠ።

ማር የተሸከመው ሰውዬ ቅሉን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። አህያዋም የቆመች መሰለኝ። ከዚያ «ቀላድ መጣ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ወሬውም ገበያውን ዞረ። ጤፍ ተራ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ መሬት ተለካ ተባለ። ጨው ተራ ሲደርስ የደብሩ መሬት ተለካ። ከብት ተራ ሲደርስ በሬዎቹ ተለክተው አልቀው ወደ ሚስቶች ተዞሯል። ጥቂት ቆይቶ ግቢያችን በዱላ ደን ተከበበ።

ኢንስፔክተሩን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከፍየሉ ራስ ቅል ጋር ቆለፍንበት። አቶ ጀማል ወጥተው «ወገኖቼ...» ሲሉ፣ የአገሩ ሽማግሌ ግራዝማች በላቸው ዱላቸውን አነሡ። እኒያ ግራዝማች ለክፍሎቹ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው የተሸከሙ ሰው ናቸው።

«አቶ ጀማል፣ አንተ እንግዳችን ነህ፤ አንነካህም። ያንን ገመድ ያለውን ሰው ብቻ አውጣልን።»

«ገመድ የለውም፣ ግራዝማች! የልብስ ሰፊ ሜትር ነው ያለው!» አልኩ እኔ።

«ልብሳችንንም ሊለካ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ለእኔ ነገር ማባባስ ከልጅነቴ ይዋጣልኛል።

ሕዝቡ ሲገፋ ቄስ ሞገሴ የቤተ ሙከራው ደፍ ላይ ቆሙ። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በብብታቸው ደብተር። «ይህን ደፍ የተሻገረ ውጉዝ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ እንደ ግድግዳ ቆመ።

«አባ፣» አሉ ግራዝማች፣ «አንቱም ለቀላድ ቆሙ? አንቱም?»

«እኔ የቆምኩት ለዘጠነኛ ክፍል ነው!» አሉ ቄስ ሞገሴ።

ማንም አልሳቀም። እኔም እንኳ። ሰውዬው በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ጠላት ሊያደርጋቸው በሚችል ነገር ላይ ቆመው ነበር፤ ሚስታቸው ከሕዝቡ መሐል ነበረች። ግራዝማች ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «እንግዲያው እንግዳው በሰላም ይሂድ። መሬቱ ግን አይለካም።» ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ የገባው ፊቱ እንደ ጠመኔ ነጥቶ ነው፤ ላንድሮቨሩም ከሞጣ እስከ ዓባይ ማርሽ የቀየረ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መልስ በታሪኩ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። «የአካባቢው ሕዝብ የትምህርት ቤቱን ማደግ በኃይል የተቃወመ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል።» ኧረ በሕግ አምላክ! ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ ሕዝብ፣ መጸዳጃ የቆፈረ ሕዝብ፣ «ትምህርት ቤት አይደግ» አለ ተብሎ ተጻፈ። አቶ ጀማል ወረቀቱን አንብበው ለረጅም ጊዜ ረጉ። የዚያን ዓመት ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱት ተበተኑ። ከመካከላቸው ብልህ የነበረው አንዱ ዛሬ ለንግድ ቢቸና ድረስ አህያ እየነዳ ሲመጣ አየዋለሁ፤ ሲሰላመኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ቄስ ሞገሴ አልተበተኑም። ስምንተኛ ክፍልን ደገሙ። ስለወደቁ አይደለም፣ አልፈዋል፤ ግን «ወንበሬን ከለቀቅሁ ማን ይመልስልኛል?» ብለው እንደገና ተመዘገቡ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደገና። የስምንተኛ ክፍልን መጻሕፍት እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጧቸው ጀመር፤ መምህሩ ሲሳሳት ከኋላ ሆነው «ያ ቃል ከገጹ ግርጌ ነው፣ ልጄ» ይሉታል። አልጀብራዋ የመጨረሻ ትምህርት ላይ ስትደርስ ግን ዝም ይላሉ። «ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ ሰባት ነው።» ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።

እኔ ያን ዝምታ መቻል አቃተኝ። በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ወደ ቢቸና ወረድኩ፤ አፈር ለብሼ አቶ ይግዛው ፊት ቆምኩ። አያ ካሴ በሩ ላይ አንቀላፍተው ነበር።

«ሞጣ ላይ የትኛው ቃል ቀለጠ?» አሉኝ፣ ገና ሳልናገር።

«ቀላድ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ያዙ። «ሕዝቡ ምን አለ?» አሉኝ። «ስፋቱ አይታወቅ አለ? ወይስ አትለኩት አለ?»

«አትለኩት ነው ያለው።»

«እንግዲያው ‹ይለካ ወይ?› ብላችሁ አትጠይቁት። ‹ማን ይለካው?› በሉት።» ከዚያም ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። አቶ ይግዛው ምክራቸውም እንደ ደብዳቤያቸው ነበር፤ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ።

ሞጣ ተመልሼ ከአቶ ጀማልና ከቄስ ሞገሴ ጋር ግራዝማች ቤት ሄድን። ጠላ ቀረበ፤ ለአቶ ጀማል ውኃ። ነገሩን ሳነሣ ግራዝማች መብረቅ እንደ መታው ሰው ቀና አሉ።

«ቀላድ ከሆነ ሬሳዬን ተሻግራችሁ።»

«ቀላድስ አይሆንም፣» አሉ ቄስ ሞገሴ። መቋሚያቸውን፣ ያን ማሕሌት ሲቆሙ የሚደገፉትን የወይራ ዘንግ፣ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «በዚህችስ?»

ግራዝማች መቋሚያውን አዩት። ቄሱን አዩአቸው። «መቋሚያ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቋሚያ ግብር አይጥልም።»

አቶ ጀማል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ቄስ ሞገሴ፣ እኔ እስላም ነኝ። ‹ግቢዬ በመቋሚያ ተለካ› ብዬ ልፈርም?»

«አልጀብራ ከማን መጣ?» አሉ ቄስ ሞገሴ። «ስሙ ራሱ ዐረብኛ፣ የናንተ አይደለም? እኔ አልጀብራችሁን ከለመንኩ አንቱ መቋሚያዬን ፈርሙልኝ።»

አቶ ጀማል ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ግን አንድ ጭንቀት ነበረኝ። «ግራዝማች፣ አዲስ አበባ መቋሚያ አያውቅም። ሜትር ነው የሚጠይቀው። እንዴት ላድርግ?»

ግራዝማች ጠላቸውን ጨልጠው አሰቡ። «መቋሚያውን ለካ፣» አሉኝ በመጨረሻ። «መሬቱን ግን አትለካ።»

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ፍርድ ሲፈርድ አልሰማሁም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ በአደባባይ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ ግቢው ተለካ። ቄስ ሞገሴ መቋሚያቸውን ጫፍ በጫፍ እያገላበጡ በአጥሩ ሥር ይሄዳሉ፣ በግዕዝ ይቆጥራሉ፤ «አሐዱ... ክልኤቱ... ሠለስቱ...» ዐሥር በሞላ ቁጥር ግራዝማች አንዲት ባቄላ ቅል ውስጥ ይጥላሉ፤ ሕዝቡም «አሜን!» ይላል። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ጎረቤት በመቋሚያ ፊት መዋሸት ስለ ከበደው፣ ማንም ሳይጠይቀው «አጥሬ ወደ እናንተ ገብቷል» ብሎ ራሱ ነቀለ። ለቀላድ ዱላ ይዞ የወጣ ሕዝብ ለመቋሚያ ዳቦ ጋግሮ ወጣ። እኔም ዳቦ እየገመጥኩ መቋሚያውን ብቻ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ግራዝማች አጠገቤ ቆመው ለካሁ።

ወረቀቱን ላክን። ደግሞ ተመለሰ! «መቋሚያ የተባለውን የመለኪያ መሣሪያ ያመረተው ፋብሪካ ይገለጽ።» ወረቀቱን ልቀድደው ደረስኩ። ቄስ ሞገሴ ከእጄ ተቀብለው «አቶ አጥሩን አስታውስ» አሉኝ፤ ታሪኩን ነግሬያቸው ነበርና። ስለዚህ ጻፍኩ፦ «አምራቹ የጮቄ ወይራ ሲሆን፣ የጸደቀው በሞጣ ሕዝብ ፊት ነው።» ክረምት መጣ፣ ክረምት ወጣ። ከዚያ ፈቃዱ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ተፈቀደ!

አቶ ጀማል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡልን፣ እኔ ከልማዴ ዓይኔን ከፊርማው በላይ ወዳለችው መስመር ላክሁ። «በአዲሱ ክፍል ዕድሜው ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ ተማሪ እንዳይመዘገብ።»

ቄስ ሞገሴ ጢማቸውን ያዙ። ጢሙ ራሱ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ የቆሙለት፣ የገዘቱለት፣ በመቋሚያቸው የለኩት ክፍል ተከፍቶ በሩ ላይ ሊቀሩ ነው። አቶ ጀማል ረጉ፤ እንደዚያ ሲረጉ አይቼ አላውቅም። እኔ የምችለውን ስድብ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ላክሁ።

ቄስ ሞገሴ ግን ወረቀቱን ከአቶ ጀማል ተቀብለው አጣጥፈው ሰጡኝ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ጸሐፊ። ዕድሜዬ ስንት ነው?»

«አባ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አቶ ጀማልስ ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣» አሉ አቶ ጀማል።

«እኔም አላውቅም። እናቴ ‹የአንበጣው ዓመት ነው የወለድኩህ› ትላለች፤ የትኛው አንበጣ እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ታዲያ ማን ለካው?» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ዕድሜዬን መለካት የሚፈልግ ቀላዱን ይዞ ሞጣ ይምጣ!»

የምዝገባው ቀን ቄስ ሞገሴ ከማንም ቀድመው መጡ። መዝገቡ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። «ዕድሜ» የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ወደ አቶ ጀማል አየሁ፤ እሳቸው በመስኮት አጥሩን ያያሉ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አልተለካም»።

በዓመቱ ያው ኢንስፔክተር መጣ፤ ያኛው ራሱ። ፈርጠም ብሎ፣ ሆዱ ትንሽ ቀድሞት። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ያነብ ጀመር፤ አቶ ይግዛው ቢሆኑ ይገረፍ ነበር። «አልተለካም» ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር አየ። እዚያ ቄስ ሞገሴ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ አንድ ረጅም የአልጀብራ መስመር ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ከንፈራቸው ወርቁን ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ኢንስፔክተሩ አወቃቸው። ያንን ደፍም ያስታወሰው መሰለኝ፣ በመስኮት ወደ ቤተ ሙከራው ዘወር ብሎ አየ።

«ምን ይሻላል?» አልኩት በትህትና። «ይለካ?»

ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

«የለም፣ የለም፣» አለ ወደ በሩ እየሄደ፣ «እንዳለ ይቆይ።»